«ሽማግሌውን ተዉት»

እሑድ፣ ጥር 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዳንግላን ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ይህን በትልቁ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬ ደብተሩን ልዘጋ ነበር ሐሳቤ። አልሆነልኝም።

የዘንገና ቡድናችን ከተቋቋመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዳንግላን ስናሸንፍ የዛሬው የመጀመሪያችን ነው። ከጥርባ ወገን ሰዉ በፈረስ መጥቶ የቆሰበርን ሜዳ ዙሪያውን ሞልቶት ዋለ። ሁለተኛው ጎል ሲገባ አንድ ገበሬ ከነፈረሱ ሜዳ ገብቶ የቀርከሃውን ግብ ጣለው። እንደ ምንም አቁመን ጨዋታው ቀጠለ። ሲያልቅ ድሬሰር ዓለምነውን ተሸክመው እስከ ወርቅነሽ ጠላ ቤት ድረስ ወሰዱት። ዓለምነው ቀን ክሊኒክ መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያጥባል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የቡድናችን አሠልጣኝ ነው።

እኔ አብሬ አልዘፈንሁም። ከዚያ በፊት የሆነ ነገር ስላለ ነው።

ግራዝማች ደጉ ከዳሱ ሥር ተቀምጠው ነበር። የወረዳው ሹም፣ የእኔም አለቃ ናቸው፤ የቡድኑም ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። እኔ ጸሐፊያቸው ስለ ሆንሁ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። በቀኛቸው አዲሱን ማልያ የሰፋው ልብስ ሰፊው አበረ ተቀምጧል። ግራዝማች በዕረፍት ጊዜ «የወንድሜን ልጅ አስገባው» ብለው ለዓለምነው ልከው ነበር፤ አላስገባውም፤ ስለዚህ ፊታቸው ጠቁሯል። ከዚያ ዓለምነው ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ በአገውኛ አንድ ነገር ጮኸ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ግራዝማች ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፣ አገውኛ አይሰሙም። አንገታቸውን ወደ እኔ መለስ አድርገው፣

«ምን አለ?» አሉኝ።

«‹ሽማግሌውን ተዉት፣ ደክሟል› አለ፣ ጌታዬ» አልኋቸው።

ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ሁለተኛዋን ጎል ሳያዩ ሄዱ።

የተጠየቅሁትን ነው የመለስሁ።

ሰኞ፣ ጥር 17

ቢሮ ስደርስ ቀድመውኝ ገብተዋል። «ጻፍ» አሉኝ፤ ጻፍሁ። ድሬሰር ዓለምነው ከዛሬ ጀምሮ ከዘንገና ቡድን አሠልጣኝነት ተሰናብቷል። ሜዳው አጠገብ እንዳይደርስ።

«ምክንያቱ ይግባበት ይሆን፣ ጌታዬ?»

«ምክንያቱን እሱ ያውቀዋል። ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ነግሮኛል።»

ይህን ሲሉ አላዩኝም። 

ደብዳቤውን እኔው ወስጄ ሰጠሁት። ከክሊኒኩ ደጃፍ ተቀምጦ የአንዲት ባልቴት እግር ይጠቀልል ነበር። አነበበው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። «ጽሕፈትህ እያማረ ሄደ፣ አስማረ» አለኝና ወደ ባልቴቷ እግር ተመለሰ። 

ምን ማለቱ ነው?

ረቡዕ፣ ጥር 19

ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። ገበያ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ አንዷ ኳስ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። «ያን የመሰለ ሰው! ማነው ለግራዝማች የነገረበት?» ስትል፣ ሌላዪቱ «ከዳሱ ሥር ከተቀመጡት አንዱ ነዋ» አለቻት። የያዝሁትን በርበሬ ሳልገዛ ጥዬ ሄድሁ።

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያየው የለም፤ ስለዚህ ነገሩን ቁልጭ አድርጌ ልጻፈው። ዓለምነው ለልጆቹ በሜዳ ላይ የራሱን ቃል አስተምሯቸዋል። ሁሉም የገበሬ ልጆች ናቸውና አጥቂውን በሬ፣ ክንፍ ላይ የሚሮጠውን ጥጃ፣ የተጋጣሚን የመጨረሻ ተከላካይ ደግሞ ሽማግሌ ይሉታል። ይህ በአገውኛ ሲሆን ነው። የዳንግላው አምስት ቁጥር ሃያ ሁለት ዓመት አይሞላውም፤ ግን ለእኛ ልጆች ሽማግሌው እሱ ነበር። ሙሉው ቃል «ሽማግሌውን ተዉት፣ ደክሟል፣ በጎኑ እለፉት» ነው። በጎኑ አለፉት፣ ጎል ሆነ።

ይህን አውቃለሁ። የተጫዋቾቹን ዝርዝር የምይዘው እኔ ነኝ፣ ልምምዱንም ሳይ ነው የምውለው። ግን ግራዝማች ሳልጨርስ ተነሡብኝ። ሰው ተነሥቶ ሲሄድ በምን አፍ ነው የምጨርሰው?

ዓርብ፣ ጥር 21

ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ውጭ ቆሜ ተመለስሁ።

እሑድ፣ ጥር 23

ግራዝማች አዲስ አሠልጣኝ አቆሙ፤ የወንድማቸውን ልጅ። ዛሬ ከቡሬ ልጆች ጋር ተጫወትን። ሰዉ እንደ ወትሮው መጣ፣ እንደ ወትሮው ሜዳውን ከበበ። ፊሽካው ሲነፋ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ጀርባውን ለሜዳው ሰጠ። ወንዱም ሴቱም፣ ፈረስ ላይ ያለውም ፈረሱን አዙሮ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ዳገቱን እያዩ ቆሙ። ጎል ሲገባብን አንድ ሰው እንኳ አልዞረም። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም፤ የኳሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ግራዝማች ከወንበራቸው ሳይንቀሳቀሱ፣ «ማን ማን እንደ ሆነ ጻፍልኝ» አሉኝ።

«ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተዋል ጌታዬ፤ ፊታቸው አይታይም።»

ከንፈራቸው ፈገግ አለ።  በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ፊታችንን ወደ ሜዳው አዙረን የቆምን ግራዝማች፣ ዘበኞቻቸውና እኔ ብቻ ነበርን።

ሐሙስ፣ ጥር 27

የአበረን ሱቅ በጠራራ ፀሐይ በድንጋይ ደበደቡት። የመስኮቱ መስተዋት ረገፈ፣ እጁን ቆርጦታል።

አሳባቂው እሱ ነው ብለውታል። ከግራዝማች በቀኝ ተቀምጦ ነበር፣ አገውኛ የእናቱ ቋንቋ ነው፣ በማልያው ስፌትም ከዓለምነው ጋር ተጨቃጭቀው ነበር (ሦስት ማልያ በአንድ ጨዋታ ብብቱ ላይ ተተርትሯል)። ሰዉ ሦስቱን ደምሮ ፈረደ።

እኔን ለምን አልጠረጠሩም? መልሱን ከሰው አፍ ሰምቻለሁ፤ እዚያው ከሱቁ ፊት። «አስማረማ እንዴት ያደርገዋል? ልጁን ከሞት አፋፍ የመለሰለት ዓለምነው አይደለም እንዴ?»

እውነት ነው። ባለፈው ክረምት ልጄን ሸጋን ትኩሳት ጥሏት ሰባት ቀን በዝናብ እየተመላለሰ መርፌ የወጋት እሱ ነው። ሸጋ አራት ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ መርፌዬ እያለች ትጠራዋለች።

ሚስቴ ውዴ ለአበረ እጅ ማሰሪያ ነጠላዋን ቀድዳ ላከችለት። ከዚያ ምድጃው አጠገብ ቆማ፣

«ግራዝማች የጠየቁት አበረን ነው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«አንተ ከኋላቸው አልነበርህም?»

«ጫጫታ ነበር፣ አልሰማሁም።»

ሚስቴ ናት፤ ስዋሽ ታውቃለች። ራቱን አቀረበች፣ አብራኝ ግን አልቆረሰችም።

ዓርብ፣ ጥር 28

ወደ ኋላ ገልጬ አነበብሁ። ግራዝማች ሳልጨርስ ተነሡብኝ ብዬ ጽፌያለሁ። ወዲያው አልተነሡም። ዓይኔን እያዩ ትንሽ ቆይተዋል። የቀረውን ቃል ለመናገር ይበቃ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 1

ወርቅነሽ ልካ አስጠራችኝ። ጠላ ቤቷ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እሷ ቆማ ነው። የዘንገና ደጋፊ አለቃ ቢኖረው እሷ ናት፤ በጨዋታ ቀን ጠላ አትሸጥም።

«ና አስማረ፣ ግባ። ማመልከቻ ልትጽፍልን ነው» አለችኝ። «ካንተ የተሻለ እጅ የለም፤ ካንተ ይበልጥ የምናምነውም የለም።»

 አሞኛል ልል አሰብሁ፤ እጄ ታሟል ልል አሰብሁ። ብርጭቆ ይዤ ስለነበር አልቻልሁም። ወረቀቱን አቀረቡልኝ፣ እነሱ ይናገራሉ እኔ እጽፋለሁ። አሠልጣኛችን ያለ ጥፋቱ ተባረረብን። ቡድናችን ያለ እሱ ቡድን አይደለም። ወደ ቦታው ይመለስልን። ይህን ሁሉ በደንብ ጻፍሁ፤ እንዲያውም እኔው «በትሕትና» የሚል ጨመርሁበት።

«አንድ ነገር ቀረ» አለች ወርቅነሽ። «ጻፍ። ቃሉን አጣሞ ለግራዝማች ያቀበለው አስተርጓሚ ስሙ በአደባባይ ይገለጽልን።»

«ይህ እንኳ ባይገባ...»

«ለምን?»

«ግራዝማችን ያስቆጣ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ይቆጡዋ! ጻፍ።»

ጻፍሁ። «አጣሞ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቀለሙ ተንጠባጠበ። ያጣመምሁት ነገር የለም። ግማሽ ነው የተናገርሁ፤ ግማሹ ደግሞ ትክክል ነበር። ይህን ለማን ልንገር? ሃያ ሰው አውራ ጣቱን እየነከረ ፈረመ። እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ ብዬ ሳልፈርም ወጣሁ፤ ማንም ቅር አላለውም። አበረ ተስተካክሎ የተሰፋ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ለመፈረም መጥቶ፣ መልሰውት ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 4

ግራዝማች ማመልከቻውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውት ደረስሁ። መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡት። ከዚያ ከመሳቢያቸው የእኔን አንድ ደብዳቤ አውጥተው ከጎኑ አስቀመጡት። ሁለቱም የእኔ ጽሕፈት ነው፤ ዕውር እንኳ አይስተውም።

 ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

«አንተ ሰው፣ የገዛ ስምህ እንዲገለጽ በገዛ እጅህ ትጽፋለህ?»

«አስገድደውኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«አይዞህ። እኔ ሰው አሳልፌ አልሰጥም። አንተ ዝም ካልህ እኔም ዝም።» ወረቀቱን አጠፉት። «ዓለምነውን ወደ ቆላ እንዲያዛውሩልኝ ለአለቆቹ ልጽፍ ነው። እዚያ ወባ ሲያክም ኳሱን ይረሳዋል። ከዚያ በፊት ግን ሕዝቡ ጥፋቱን ሲያምን ይስማ። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ሜዳ ላይ እንሰበሰባለን፤ አስተርጓሚው አንተ ነህ።»

«ዓለምነው አማርኛውን ከእኔ ይሻላል ጌታዬ።»

«እንዲያ ከሆነ ሥራ አይበዛብህም።»

ሰዉ የማልያውን ሰፊ እንደ ወገረው ያውቃሉ። ማን እንደ ነገራቸውም ያውቃሉ። እኔ እንደማውቅ ያውቃሉ። ይህን የምናውቅ ሁለት ነን፤ እኔና እሳቸው። ሁለት ስለ ሆንን ነው የፈራሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 5

ከሥራ ብባረር ምን እበላለሁ? ውዴ ነፍሰ ጡር ናት። ግራዝማች ጣታቸውን ቢያነሡብኝ ከዚህ እስከ ደብረ ማርቆስ የሚቀጥረኝ የለም። ብናገር ደግሞ ሰዉ ይገድለኛል። ባልናገር ዓለምነው ቆላ ይወርዳል፣ አበረ ከሰው ይለያል።

አበረ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ አጠገቡ የቆሙት ቦታ ለቀቁበት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ሸጋ አስላት። ውዴ ሳትነግረኝ ዓለምነውን አስጠራች። ከቢሮ ስመለስ ከቤቴ ተቀምጦ ደረቷን ያዳምጣል። 

«ጉንፋን ነው» አለኝ። «ሙቅ አጠጧት።»

ሸኘሁት። እስከ አጥሩ ድረስ ስለ ብርዱ አወራን፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ እየተጋገረ ነው። መሰናበቻው ላይ ጫማውን እያየ፣

«አስማረ፣ ለአበረ አንድ ነገር አድርጉለት። ልጁ አላደረገውም» አለኝ።

«ማን እንዳደረገው ታውቃለህ?»

«ከዳሱ ሥር ሁለት ነበራችሁ።»

ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ቢሰድበኝ እመልስለት ነበር። ለማን እንደሚናገርብኝ ሳልጠይቀው አጥሩን አልፎ ሄደ። ገና ከመጀመሪያው ቀን፣ ደብዳቤውን ስሰጠው አውቋል ማለት ነው። አውቆ ነው ሸጋን ሊያይ የመጣ።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ከዚያ ወዲያ አልጽፈውም። ያን ቀን ግራዝማች አንገታቸውን ወደ እኔ ሲመልሱ ያ ሁሉ ሰው የሚያየኝ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ዓለምነው ገና ቡድኑ ሲቋቋም «ላንተ ብዕሩ ይሻልሃል» ብሎ ከተጫዋችነት የመለሰኝ ሰው ነው። የእሱ ቃል፣ ለአንድ አፍታ፣ በእኔ አፍ ላይ ሆነ።

እሑድ፣ የካቲት 14

እንደ ሆነው ልጻፈው።

ሜዳው ሞልቷል። ግራዝማች በወንበራቸው፣ ዓለምነው ከፊታቸው ቆሞ፣ እኔ በመካከል ወረቀትና ብዕር ይዤ። ሰዉ ዛሬ ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል። ያንን ጀርባቸውን ናፈቅሁት።

«በሜዳ ላይ ተሳድበሃል ተብለሃል። ምን ትላለህ?» አሉት ግራዝማች።

ዓለምነው በአማርኛ፣ «በአገውኛ ተከስሻለሁ፣ በአገውኛ እመልሳለሁ። አስተርጓሚ አለ» አለ።

ሰዉ አጉረመረመ። አብዛኛው አገውኛ ይሰማል፤ አንዲት ቃል ብስት ያውቁብኛል። ዓለምነው ፊቱን ከግራዝማች መለሰና ወደ እኔ እያየ ተናገረ። እኔ ሐረግ በሐረግ መለስሁት፤ «ቃሉን ብያለሁ። ሽማግሌ ያልሁት የዳንግላውን አምስት ቁጥር ነው። ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። ይህን ለግራዝማች ቀድሜ አለመንገሬ ግን ጥፋት ነው። በዚህ ነገር ሌላ ሰው አትውቀሱ፤ አበረንም ማንንም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አስተርጓሚ «እኔ» ሲል ሌላው ሰው ማለቱ ነው፤ ሁሉም ይህን ያውቃል። የመጨረሻውን ቃል ስናገር ድምፄ ተሰበረ።  አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ... ማንም አልጠየቀኝም።

«አመነ!» አሉ ግራዝማች፣ ከዘራቸውን መሬት መትተው። «ጻፍ።»

«ሙሉውን ልጻፍ፣ ጌታዬ?»

«ምን ያደርግልናል? ያመነውን ጻፍ። ይፈርምና ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍሁት። ዓለምነው ግን አልፈርምም አለ። «በአማርኛ አልተናገርሁም፣ በአማርኛ አልፈርምም።» ግራዝማች ፊታቸው ቀላ። ሰዉ ወደ ፊት ገፋ ገፋ ማለት ጀመረ፤ ዘበኞቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «አስተርጓሚው አንተ ነህ፣ አንተ ፈርም!» ብለው ግራዝማች ጮኹብኝ። ፈረምሁ። መነጽራቸውን ቢሮ ረስተውት ስለነበር ሳያነቡት ማኅተሙን መቱበት።

ወርቅነሽ እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ሰኞ፣ የካቲት 15

ከሰዓት በኋላ ነው። ቢሮ አልተመለስሁም።

ወረቀቱን ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት እኔ ነኝ፤ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት። ስለጥፈው ነው ያነበብሁት። ከላይ «በቡድናችን ላይ ስለ ደረሰው ነገር በሕዝብ ፊት የተሰጠ ቃል» ይላል። ከሥሩ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል። ከዚያ ስሜና ፊርማዬ፣ ከዚያ ማኅተሙ። የዓለምነውን ስም የትም አልጻፍሁትም። ጠመንጃው ሲወርድ ደንግጬ ይሆናል። እንደዚያ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ።

ገንጥዬ ልወስደው እጄን ሰደድሁ። ሰዉ ግን መሰብሰብ ጀምሯል። ወርቅነሽ መጣች። ማንበብ አትችልም። አበረ የስፌት መኪናውን በትከሻው ተሸክሞ ወደ መኪና መናኸሪያው ሲሄድ በዚያው አለፈ፤ ሱቁን ዘግቶ ዳንግላ መግባቱ ነው። ከተማው ካነወረው ወዲህ የመጀመሪያዋ ያነጋገረችው እሷ ናት።

«አበረ፣ ና እስቲ አንብብልኝ።»

አነበበላት፤ ጮክ ብሎ፣ እንደ ተማሪ።

«ማነው የፈረመው?»

«አስማረ ይላል።»

«ዓለምነው የሚል የለውም?»

«የለውም።»

«እንደገና አንብበው።»

እንደገና አነበበው። በዚህ ጊዜ ድምፁ ወደ መጨረሻው እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አስማረ» አለች ወርቅነሽ፣ «ይህ ቃል የዓለምነው ነው ወይስ ያንተ?»

ትርጉም ነው፣ የዓለምነው ቃል ነው ማለት እችል ነበር። ትናንት ሁሉም ሜዳ ነበሩ፣ ሰምተዋል፤ ባልሁ ኖሮ ያምኑኝ ነበር። ግራዝማችም ዝም ይሉልኝ ነበር። አበረ የሦስት ሰዓቱን መኪና ይዞ ይሄድ ነበር።

«የእኔ ነው» አልሁ። «የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ግማሹን ነው የነገርኋቸው።»

አበረ መኪናውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። አልመታኝም።  ስሄድ ግራና ቀኝ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ልክ ለአበረ እንደሚለቁለት ዓይነት። ወርቅነሽ ብቻ ከኋላዬ እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ፤ አልዞርሁም፣ የእግሯን ድምፅ ነው የሰማሁ።

ለውዴ ሁሉንም ነገርኋት። ሸጋን አቅፋ ሰማችኝና፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ወርቅነሽ አሁንም በሩ ላይ ቆማለች። ሰው እንዳይመጣብኝ ይሁን እኔ እንዳልወጣ፣ አላወቅሁም።